ባሌ የሚተነፍስበት ቤት

ባሌ ግንበኛ ነበር። መቐለን የሚያውቅ ሰው ድንጋይዋን ያውቃል፤ ቤቱም፣ አጥሩም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃም ድንጋይ ነው። ከዚያ ውስጥ እሱ የጠረበውን ሁሉ አላውቅም። አብረን ስንሄድ ግን እየቆመ ግድግዳ ይነካል፣ “ይሄ የእኔ ነው” ይላል። ከሥራ ሲመለስ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ አቧራ ለብሶ ይገባ ነበር። አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍንና ሥራው ሲጠና አውልቆ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ስቆጣው፣ “ተሸፋፍኖ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው የት አይተሻል?” ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ያስለው ነበር። የማያስለው ግንበኛ የለም ብለን ተውነው።

የተገናኘነው ኮምቦልቻ ነው። እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ፤ የመምህርነት ትምህርቴን ጨርሼ ምደባ ስጠብቅ፣ እሱ ለግንባታ ሥራ መጥቶ። አማርኛውን እዚያው ለመደ። ተጋብተን ወደ አገሩ ይዞኝ መጣና ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቕሮ በሚያወጣው መንገድ በኩል፣ ቤታችንን በገዛ እጁ ሠራው። ቤት ውስጥ በአማርኛ እናወራለን፣ ከበር ስንወጣ በትግርኛ። እኔ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። አንድ ልጅ ወለድን፤ ወንድ። ጎበዝ ነበር። ቃላሚኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ተመርጦ ገባ፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ። ጦርነቱ ሲመጣ ሳይጠይቀን ሄደ።

በጦርነቱ ጊዜ የእኔ የትውልድ አገር በሰፈሩ ሰው አፍ ሲገላበጥ እሰማ ነበር። ፊት ለፊት የተናገረኝ የለም። እንጀራ የሚበደረኝ ጎረቤት ግን መበደሩን ተወ። ልጄ በአንድ በኩል፣ ወንድሞቼ በሌላ በኩል ሆነው፣ እኔ መሐል ቆሜ ለማን እንደምጸልይ ግራ ገብቶኝ ከረምኩ። ይህን ለባሌ ነግሬው አላውቅም። እሱም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ሰላም ሆነ ተባለ። ስልክም መብራትም ተመለሰ። ልጃችን አልተመለሰም። “እስረኛ ሆኖ ይሆናል”፣ “ሱዳን ተሻግሮ ይሆናል” እያልን ቆየን። በመጨረሻ መርዶው መጣ። በእኛ ሰፈር የዚያን ሰሞን ድንኳን ያልተተከለበት መንገድ አልነበረም፤ ለቀስተኛ ለማን ሄዶ ማንን እንደሚተው ይቸግረው ነበር። ባሌ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ የመጣውን ሰው ሁሉ “እግዜር ይስጥልኝ” እያለ አስተናገደ። አላለቀሰም። እኔም አላለቀስኩም። ድንኳኑ ሲነሳ ሁለታችንም እዚያው የቀረን መሰለኝ።

እኔ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ምን ላድርግ? ተማሪዎቼ ደብተራቸውን ገልብጠው፣ “መምህርት፣ አማርኛ ለምንድን ነው የምንማረው?” ይሉኝ ነበር። እኔ ራሴም መልሱን አላውቀውም፤ ብቻ ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ባሌ ግን ወደ ሥራ አልተመለሰም። መጀመሪያ “ደከመኝ” አለ። አሠሪዎች እየመጡ ጠሩት፣ እንቢ አለ። ቀጥሎ ትንፋሹ ማጠር ጀመረ። ከበር እስከ ሱቁ ያለችውን መንገድ ደርሶ ለመመለስ ሁለቴ ሦስቴ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ንግግሩን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። መስኮቱን ከፍቼለት፣ ንፋስ ፊቱ ላይ እየነፈሰበት፣ “አየር የለም” ይለኛል።

ሆስፒታል ወሰድኩት። ደረቱን ፎቶ አነሱት፣ ደሙን መረመሩ፣ የሳንባ ነቀርሳ አይደለም አሉ። ከዚያ የሳንባ አቅም ወደሚለካበት ክፍል ላኩን። አንድ ባለሙያ አፍንጫውን በመቆንጠጫ ያዘለትና ቱቦ አፉ ላይ አደረገለት።

“በረጅሙ ይሳቡ፣ ኣቦይ። እንደዚህ። አሁን ይንፉ! ይንፉ፣ ይንፉ፣ ይንፉ! አያቁሙ!”

ባሌ ኩራዝ እንደሚያጠፋ ሰው እፍ አለና ተወው። ባለሙያው ደገመው። ደግሞ አስነፋው። አሁንም ያው ነው።

“አልሞከሩም እኮ ኣቦይ” አለው፣ ትንሽ ሰልችቶት።

“ያለኝ ይኸው ነው” አለ ባሌ።

እኔ አፈርኩ። ከኋላችን ወረፋ የያዘ ሰው አለ። ባለሙያው ደግሞ ልክ እንደ ልጅ እያባበለው፣ “ይንፉ” ይላል። ባሌ እኮ ሁለት ሰው የማያነቃንቀውን ድንጋይ ብቻውን ትከሻው ላይ ሲያወጣ ያየሁት ሰው ነው። ክንዱን ቆንጠጥ አድርጌ፣ “አንተ፣ ንፋ እንጂ!” አልኩት። ዞሮ እንኳ አላየኝም።

ሐኪሙ አቧራው ሳንባውን ጎድቶታል አለ። ድንጋይ መጥረብ እንዲተው አዘዘ፤ ድንጋይ ከነካ ስንት ጊዜው! የሚሳብ መድኃኒት፣ እዚህ ሰው “ፓፍ” የሚለውን፣ ሰጥቶ ሸኘን። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነው ከዚያ የወጣሁት። በሽታው ስም አገኘ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ “ሳንባው ነው” እላለሁ፣ ሰውም ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ሌላዋ ጤና አዳም ይዛ ትመጣለች። ሳንባ የታመመ ሰው ማንም አይንቀውም። “ተነስ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ?” አይሉትም።

ፓፉ ግን አልሠራም። አይስበውማ። አፉን ከፈት አድርጎ ይጫነዋል፣ መድኃኒቱ ቤቱ ውስጥ ይበተናል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥዬው በሄድኩበት ወንበር ላይ፣ ጥዬው በሄድኩት አቀማመጥ አገኘዋለሁ። የሰጠሁት ምሳ እንደተከደነ ነው። አንድ ቀን ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጮህኩበት።

“መሞት ነው የምትፈልገው? ንገረኝና ልወቀው!”

ቀስ ብሎ፣ በሁለት ትንፋሽ፣ “ለመሞትም… ጉልበት ይጠይቃል” አለኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እኔስ? እኔ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት፣ እኔ ጡቴን ያጠባሁት አይደለም እንዴ የሞተው? እሱ በሽታውን ወሰደ፣ ለእኔ ሽንኩርት መላጡና ልብስ ማጠቡ ቀረኝ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው መታመም አይችልም፤ ቀድሞ የተኛው ያሸንፋል።

ይህን ጊዜ ታላቅ እህቱ ከውቕሮ መጡ። ባላቸው ከሞተ የቆየ፣ ግቢያቸውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ጠንካራ ሴት ናቸው። ፀበል በጀሪካን ይዘው ገቡ፤ ወንድማቸውን ወንበሩ ላይ ሲያዩት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

“ወይለይ ሓወይ! ወይኔ ወንድሜ! እዚህ ቤት ውስጥ ታፍኖ ነው እኮ” አሉ።

“መስኮቱ ክፍት ነው” አልኳቸው።

“የመስኮት ነገር አይደለም። አንቺ ትወጫለሽ፣ ትገቢያለሽ፣ ታስተምሪያለሽ። እሱ ሲያለቅስ አብራው የምታለቅስ ሴት ነው የሚፈልገው። አንቺ አላለቀስሽም። አገሩ ሁሉ አይቷል።”

“እሱስ አለቀሰ?”

“እሱ ወንድ ነው!”

“እኔ እንባዬን ለእናንተ የማሳየት ግዴታ የለብኝም፣ እትዬ” አልኩ። እሳቸው ፀበሉን አስጠጥተውት፣ ለእኔ ጀሪካኑን እንኳ “ያዢ” ሳይሉኝ ሄዱ።

ለቀጠሮው ስንመለስ ሌላ ሐኪም አገኘን፣ ወጣት ሴት። ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ቆየችና ወንበሯን ወደ ባሌ አስጠጋች። ስለ ሳል የምትጠይቀው መስሎኝ ነበር።

“ጠዋት ሲነቁ መጀመሪያ ምን ያስባሉ?” አለችው።

“ለምን ነቃሁ ብዬ ነው የማስበው” አላት፣ ምንም ሳያመነታ።

ጎኑ ተቀምጬ ነበር። ለእኔ ይህን አንድም ቀን ብሎኝ አያውቅም። ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው፣ ነገራት። ስለ ምግቡ ጠየቀችው፣ ነገራት። ልጅ እንዳለው ጠየቀችው፤ “ነበረኝ” አለና ትንፋሹ ተቆረጠ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አየር ፍለጋ አንገቱን ሲያሰግግ እሷ ሳትቸኩል ጠበቀችው፣ “ቀስ ይበሉ፣ ቀስ ብለው ያውጡት” እያለች።

እሱ እስኪረጋጋ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። “የሳንባው ጉዳት እውነት ነው” አለችኝ። “ግን ፎቶው ላይ የማየው ጉዳት ብቻውን እንደዚህ አያደርጋቸውም። ድባቴ አለባቸው። ድባቴ የያዘው ሰው አይንቀሳቀስም፤ ካልተንቀሳቀሰ ጡንቻው ይዝላል፤ ከዛለ ትንሽ መንገድም ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ትንፋሽ ሲያጥረው ደግሞ ይፈራል፣ ይብሱን ይቀመጣል። መድኃኒቱንም አጥብቆ አይስበውም፤ ለምን ብሎ? ሁለቱ እንዲህ እየተመጋገቡ ነው።”

“የትኛው ነው የቀደመው ታዲያ?”

“እሱን ማንም አይነግርዎትም።”

“የትኛውን ነው የምታክሙት እንግዲያው?” አልኩ፣ ከፍ ባለ ድምፅ።

“ሁለቱንም” አለች። እሷ ከልቧ ነበር። ወረቀት ጽፋ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላከችን። ያ ክፍል ሌላ ሕንፃ ላይ ነው። ባሌን ደግፌ፣ በየአግዳሚው እያሳረፍኩ ደረስን። እዚያ ያገኘነው ሰው ወረቀቱን አየና ትንፋሹን ሰማና፣ “እኚህ ሰውማ የሳንባ በሽተኛ ናቸው። መጀመሪያ ሳንባቸውን ታክመው ይጨርሱ” አለን። ተመለስን። የሳንባው ክፍል ተዘግቶ ነበር። በሌላ ቀን ሄድን፣ ደግሞ ተመላለስን። አንዱ ከአንገቱ በላይ፣ ሌላው ከአንገቱ በታች ሊያክመው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሰውዬውን ሙሉውን ይዤ በግቢው ውስጥ እዞራለሁ።

በመጨረሻ የአእምሮ ሕክምናው ክፍል የድባቴውን ክኒን ሰጠን። ባሌ ሳጥኑን አይቶ፣ “የእብድ መድኃኒት ነው” አለ። “የእብድ አይደለም” አልኩት። “ታዲያ ለምን ከዚያ ሕንፃ ተሰጠኝ?” አለኝ። ለቀናት ተጨቃጨቅን። መዳፉ ላይ አስቀምጬ፣ እስኪውጥ ድረስ ፊቱ ቆሜ ነበር የምሰጠው። ከቆየ በኋላ እንቅልፉ ትንሽ ተስተካከለ። ሐኪሟ በእግሩ እንዲሄድ አዝዛ ነበር፤ እስከ በሩ ይሄድና መዝጊያውን ነክቶ ይመለሳል። ከዚያ አላለፈም።

የእህቱ ባል የሰባት ዓመት ተዝካር ሲደርስ ሚኒባስ ላይ አስቀምጬ ወደ ውቕሮ ላኩት። ለአንድ ሳምንት ነበር። ሳምንቱ አልፎ ስደውል፣ “ትንሽ ልቆይ” አለኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ “ትንሽ ልቆይ።” ከዚያ አንድ ቀን ራሱ ደወለና ስለ አንድ ጎረቤት አጥር ማውራት ጀመረ፤ ውኃ ልኩን ሳያዩ የገነቡት፣ የተንጋደደ፣ የሚያስቅ አጥር ነው አለኝ። ሲያወራ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ንግግሩን አልቆረጠውም። እስከ መጨረሻው ተናግሮ ጨረሰ።

ቅዳሜ ተነስቼ ሄድኩ። እትዬ በር ላይ አገኙኝ፤ “የለም፣ ሥራ ላይ ነው” አሉ፣ በኩራት። አቅጣጫውን ጠቆሙኝ። ባሌ የጎረቤቱን አጥር በሚያድሱ ሰዎች መሐል ቆሞ፣ አፍንጫውን በመሸፈኛ ሸፍኖ፣ ገመዱን ወጥሮ፣ “ዝቅ አድርገው፣ ዝቅ፣ አሁን ተወው” ይላል። አይጠርብም፣ አያነሳም፤ ያሠራል እንጂ። አንዱ ቀለደና ባሌ ሳቀ። ሲስቅ ሳል ጀመረው፣ ጎንበስ ብሎ ሳለና ቀና ብሎ ሳቁን ቀጠለ። መንገዱ ዳር ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ። ሳልጠራው ወደ ቤት ተመለስኩ።

እትዬ ምን እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው። “ምን አደርገዋለሁ? ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይዤው እሄዳለሁ። ሲደክመው እንቀመጣለን። መድኃኒቱን አውጣ እለዋለሁ፣ ያወጣል። ስለ ልጁ አላነሳበትም” አሉ። እኔን አታለቅሺም ያሉ ሴት! አብራው የምታለቅስ ሴት ነው የሚያስፈልገው ያሉ!

ምሳ በልተን ግቢው ውስጥ ሁለታችን ቀረን።

“ደህና ነህ” አልኩት።

“ደህና ነኝ። አየሩ ይገባል።”

“እንግዲያው ልብስህን እንሰብስብ። ሰኞ ሥራ አለኝ፣ ዛሬ እንመለስ።”

መሬት በእንጨት ጫረ።

“አልችልም” አለ።

“ሳንባህ ነው?”

“አይደለም። እዚያ ቤት አንቺን ሳይ ነው።”

በእነዚያ ዓመታት የዋጥኩት ሁሉ አፌ ላይ መጣ። “የት ተወለደች ብለህ ነው? አንተም እንደ ጎረቤቶቹ?”

“ምን ነካሽ?” አለ፣ ደንግጦ ቀና ብሎ። “ምን ሆነሻል? እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው? ልጁ አንቺን ነው የሚመስለው። ቅንድቡ፣ ዐይኑ፣ ቀና ሲል አስተያየቱ። ከትምህርት ቤት በሩን ከፍተሽ ስትገቢ እሱ ነው የሚገባው። ያን ጊዜ ደረቴ ይዘጋል። እዚህ ስሆን… አላየውም።”

“እኔም እኮ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ አየዋለሁ” አልኩት። “እኔ ወደ ማን ቤት ልሂድ?”

ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ተነሳሁ።

ለሐኪም ቀጠሮው ከውቕሮ መጣ። ያው ክፍል፣ ያው ባለሙያ፣ ያው መቆንጠጫ። “ይንፉ!” ሲለው ባሌ ዐይኑን ጨፍኖ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ እስከ መጨረሻው ነፋ። ባለሙያው፣ “ጽቡቕ! እንደዚህ ነው እንጂ!” ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። ሐኪሟ የበፊቱንና የአሁኑን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ አሳየችን። አቧራው ያበላሸው እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን በጣም እንደተሻለ ነገረችን። ፊቷ በራ።

“ምን አደረጋችሁ?” አለች።

ባሌ ጫማውን አየ።

“አየር ለወጠ” አልኳት እኔ።

“በጣም ጥሩ አደረጋችሁ! ክኒኑንም ፓፉንም እንዳያቋርጡ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?” አለችኝ። ይህን ስትጠይቀኝ የሚቀጥለውን በሽተኛ ለመጥራት ተነስታ፣ እጇ በሩ ላይ ነበር።

“ደህና ነኝ” አልኩ።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ መናኸሪያ ሸኘሁት። ቤት ጎራ በል አላልኩትም፤ እሱም ልግባ አላለኝም።

አሁንም እዚያው ነው። አልተፋታንም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ፣ “የውቕሮ አየር ይስማማዋል” እላለሁ፤ እውነት ነው፣ ይስማማዋል። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች “ሚስት ባለችበት ነው ባል” ብለው ሊያስታርቁን መጡ። ያልተጣላን ሰዎች እንዴት እንታረቅ? ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። ሰው እንዲድንልኝ ነበር የደከምኩት፣ ዳነልኝ። ብቻ እንዲህ ይድናል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። አንዳንዴ እቀናለሁ፤ በማን እንደምቀና ግን አላውቀውም። በእትዬ ይሁን፣ ወይስ የልጄን ፊት ሸሽቶ መቀመጥ በቻለው በእሱ።

ትምህርት ቤት የማስተምርበት ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደረጃው መሐል ላይ እቆማለሁ። ባልደረቦቼ “ታዪ፣ ምርመራ አድርጊ” ይሉኛል። አልሄድኩም። እኔን ሆስፒታል የሚወስደኝ፣ በየአግዳሚው የሚያሳርፈኝ፣ “ንፊ እንጂ!” ብሎ የሚቆነጥጠኝ ማን አለ?

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ውቕሮ ስሄድ ባሌ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ስለ እህቱ በሬ፣ ስለ አዲሱ አጥር እያወራ ከፊት ከፊቴ ሄደ፤ ወደ ኋላ አይዞርም። ዳገቷ ላይ ስንደርስ ልከተለው አቃተኝ።

“ቀስ በል” አልኩት፣ “ትንፋሽ አጠረኝ።”

ቆመ። ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ ቦርሳዬን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ እስክደርስበት ጠበቀኝ። ስደርስበት እንደገና መሄድ ጀመረ፤ አሁን ግን ቀስ ብሎ።